ብሎኑን ማን አጠበቀው

የአክስቴ ልጅ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱባቸውን ስኪዎች በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ያመጣቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ያለው መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ሹፌሩ ወደ ኋላ እየነዳ ገባ፤ ጎረቤቶችም ምን መጣ ብለው ከየበራቸው ብቅ አሉ። አክስቴ ረጃጅሞቹን ነገሮች ስታይ ለጣሪያ የመጣ እንጨት መሰላትና ቆርቆሮው ገና ደህና ነው፣ ምን አስቸኮለህ አለችው። እሱ እየሳቀ ገመዱን ፈታና አራቱን ጥንድ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆማቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። ነገሩ እኔን እንደሚመለከት ያኔ ገባኝ።

እኔና እሱ አብረን ነው ያደግነው። እናቴ የሞተችው ትምህርት ቤት ሳልገባ ስለሆነ እናት ብዬ የማውቀው አክስቴን ነው፤ እሱም ለእኔ ከወንድም የሚያንስ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከኮምፒውተር መሸጫ ሥራው ለቆ የሃይኪንግ ቡድን ማደራጀት ጀምሯል። እሑድ እሑድ የባንክ ሠራተኛውን፣ አስተማሪውን፣ የኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞቹን ሰብስቦ እንጦጦ ያወጣቸዋል፤ ፎቶ አንስቶ፣ ቁርስ አብልቶ ይመልሳቸዋል። ችግሩ ይህንኑ የሚያደርገው ሰው መብዛቱ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ይወጣል፣ አንድ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እሱ ሌላው ዘንድ የሌለ ነገር ይፈልግ ነበር። አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ወደ አገሩ ሊመለስ የቤት ዕቃውን ሲሸጥ ስኪዎቹን ከነጫማቸው አገኘ። በስልኩ ደግሞ ሰዎች በረዶ በሌለበት ተራራ፣ በረገፈ የጥድ ቅጠል ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቷል። ከየካ በላይ ባለው የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ፓቱላ የሚሉት ጥድ አለ፤ መርፌ የመሰለ ረጅም ቅጠሉ ረግፎ ምድሩን እንደ ፍራሽ ሸፍኖታል። ስኪው አለ፣ ተራራው አለ፤ የቀረው ስኪውን ሰው እግር ላይ የሚያስር ሰው ነበር።

አረብ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት የሠራሁት ሰው ቤት አልነበረም። የተቀጠርኩት አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ውጭው በሙቀት እየነደደ ውስጡ በረዶ የሚነጠፍበት አዳራሽ ነው። ስጀምር ለኪራይ የሚሰጡ ጃኬቶችን እሰቅል ነበር። ከዚያ ጫማ ወደ ማድረቅ ተዛወርኩ። በመጨረሻ ስኪውን ከጫማው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የሚስተካከልበት ጠረጴዛ ደረስኩ። ማሰሪያው ጫማውን ከፊትና ከኋላ ነክሶ የሚይዝ፣ ውስጡ ሞላ ያለው ነገር ነው። ሰውየው ሲንሸራተት አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ሲወድቅና እግሩ ሲጠመዘዝ ደግሞ አጥንቱ ሳይሰበር ቀድሞ መልቀቅ አለበት። የሞላውን ጥንካሬ የሚወስነው በካቻቢቴ የሚዞር አንድ ብሎን ነው። ከላላ ስኪው በማይሆን ቦታ ይወልቃል። ከጠበቀ ግን አይለቅም።

ብሎኑ የሚቆምበት ቁጥር በግምት አይሆንም። ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው ርዝመት፣ የሰውየው ልምድ ይጠየቃል። ሴቶቹ ክብደታቸውን ይቀንሳሉ፣ ወንዶቹ ልምዳቸውን ይጨምራሉ፤ እኔም እየሳቅሁ እስቲ ሚዛኑ ላይ ቁሙልኝ እላለሁ። ከዚያ ማሰሪያው በመሣሪያ ተጠምዝዞ በልኩ መልቀቁ ይፈተናል። ይህን እንድሠራ የተፈቀደልኝ ሠልጥኜ፣ ተፈትኜ፣ ቀን የተጻፈበት ባጅ ካንጠለጠልኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የማደሻው ሥልጠና ዘገየና የባጄ ቀን አለፈ። በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ፣ ሥራውን ሁሉ ያስተማረኝ ዝምተኛ ፊሊፒናዊ፣ ካቻቢቴውን ከእጄ ወስዶ ጓንት ወደሚታደልበት መስኮት ላከኝ። እጄ የትናንቱ እጅ ነው፣ ምን ተለወጠ ብዬ ተከራከርኩት።

«ነገ አንድ ሰው እግሩ ቢሰበር እጇ ጎበዝ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም» አለኝ። «የሚጠይቁት ማን ፈቀደላት ብለው ነው።»

ያኔ የቢሮ ሰው ፍርሃት መሰለኝ፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

አገሬ ስገባ ባጄ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ላድሰው ብልም እዚህ የሚያድስ የለም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ስኪዎቹን ግቢው ውስጥ አጋድሜ አንድ በአንድ ስመረምር አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ፊቴን ያያል። ማሰሪያዎቹ ያረጁ ናቸው፤ እኔ የሠለጠንኩባቸው ዓይነትም አይደሉም። የአንዱን ጫማ ሶል በአውራ ጣቴ ጥፍር ስጫነው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ። የሁለቱ ጥንድ ሞላ ተጣብቆ ብሎኑ ቢዞርም አይነቃነቅም። በቀሩት ሁለቱ እግሬን አስገብቼ ቀስ ብዬ ጠመዘዝኩ። ለቀቁኝ። ግን ዛሬ የለቀቀኝ ነገ ሌላውን ይለቃል ብዬ የማረጋግጥበት መሣሪያ የለኝም።

አይሆንም አልኩት። ተጣልተን አናውቅም፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ያን ሁሉ ዓመት የስንቱን አገር ሰው እግር ስታስሪ ኖረሽ፣ የእኔን ጥቂት ሰዎች ማሰር አቃተሽ?»

እዚያ መፈተኛ ነበረኝ፣ ከኋላዬ ኢንሹራንስ ያለው ድርጅት ነበረ፤ እዚህ ያለኝ ካቻቢቴ ብቻ ነው አልኩት። ለዚህም መልስ ነበረው። እያንዳንዱ ሰው ለሚደርስብኝ ጉዳት ሁሉ ኃላፊው ራሴ ነኝ ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት አሳትሟል።

ወረቀቱ ዕረፍት ነሳኝ። ጠበቃ የሆነች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ጠየቅኳት። ሰው ዳገት ላይ አዳልጦት ቢወድቅ ፊርማው ሊያግዛችሁ ይችል ይሆናል፣ የጎዳው የእናንተ ቸልተኝነት ከሆነ ግን ያድነናል ብላችሁ አትመኩበት አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ ባለሙያ ነኝ ብለሽ ከቀረብሽ የምትጠየቂውም እንደ ባለሙያ ነው፤ የማያውቅ ሰው የሚያገኘውን ይቅርታ አንቺ አታገኚም አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው የጠበቃ ሥራ ሰው ማስፈራራት ነው ብሎ አለፈው። አክስቴ ግን በማግስቱ ምሳ ላይ ጉዳዩን አነሳችው። ሥራውን ለቆ ያለውን ሁሉ እዚህ ላይ አፍስሷል፣ የተማመነውም አንቺን ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ አንቺ እምቢ ካልሽ ምንም የማያውቅ ሰው አምጥቶ ያሠራዋል እንጂ አይተወውም፣ ከዚያ አንቺ ብትሆኚለት አይሻልም ወይ አለች። የያዘኝ ይህ የመጨረሻው ንግግሯ ነው። እውነቷን ነበር። እኔ ብቀር ብሎኑን እንደ በር እጀታ ብሎን አዙሮ የሚያጠብቅ ሰው አይጠፋም።

ስለዚህ እሺ አልኩ፤ ግን አስጠንቅቄ ነው። የሚሠራባቸው ሁለቱ ደህና ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ከቤት አይወጡም። አላልቼ ነው የማስረው። ሰው የሚንሸራተተው ብዙም ባልተዳፋው ቦታ ላይ ነው። ከእኔ በስተቀር ደግሞ ማንም ብሎን አይነካም። የአክስቴ ልጅ ሁሉንም እሺ አለ። እሺታው ፈጠነብኝ።

እሑድ ጠዋት ስንወጣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሳም ነበር። ሰዎቹ ደስ የሚሉ ነበሩ። ከአያት የመጡ ባልና ሚስት፣ ከኮተቤ የመጣች አስተማሪና ጓደኞቿ፣ የባንክ ልጆች፣ ደግሞም አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ወጣት። ይህ ወጣት ቀልደኛና እግረ ፈጣን ነው፤ ዳገቱን ሁሉ ከፊት ከፊት እየሄደ የሚደክመውን ሰው ያስቅ ነበር። ጥዱ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ዛፍ ላይ የተደገፉ አራት ጥንድ ስኪዎች ነው። የአክስቴ ልጅ ቀድሞ አራቱንም አስወጥቷቸዋል። ሰው ፊት ልናገረው አልፈለግሁም። ሁለቱን ብልሹ ጥንዶች አንስቼ ማሰሪያዎቻቸውን እርስ በርስ በገመድ ጠፍሬ ከወደቀ ግንድ ጀርባ አጋደምኳቸው። አየኝና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ሰዉን ሰብስቦ አስተዋወቀኝ። ውጭ አገር የሠለጠነች፣ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ያላት ባለሙያ አለን፣ በአገራችን ከእሷ ሌላ የለም አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አንድ ልጅ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ይቀርጻል። ዝም ብል ያ ቪዲዮ የእኔ ቃል ሆኖ እንደሚቀር ታየኝ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ሰርተፍኬቴ ጊዜው አልፎበታል። ባያልፍም ለእነዚህ ማሰሪያዎች አይሠራም። የማውቀውን አደርጋለሁ፤ ግን ባለሙያ አሰረኝ ብላችሁ እንዳትወጡበት።»

ጭብጨባው ሞተ። ባልና ሚስቱ ተያዩና ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የአክስቴ ልጅ ሳቅ ብሎ ትሕትና ታበዛለች አለ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ግን ተገትሯል። ወረቀቱ ዞረ፤ ፈረሙ። ሞክረን እንያ ያሉት ጥቂቶች ቀሩ። የሒሳብ ሠራተኛው የመጀመሪያው ነበር።

ክብደቱን ጠየቅሁት፤ ጫማውን አጠለቅሁለት፤ ማሰሪያውን በጣም አላልቼ እግሩን ወደ ጎን እንዲጠመዝዝ አደረግሁ። ጠብ ብሎ ለቀቀው። ሌላኛውም እንዲሁ። ሲንሸራተት ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ቅጠሉ ከጠበቅነው በላይ ያንሸራትታል። ሩቅ ሳይሄድ ግን ስኪው ወለቀና በመቀመጫው ተቀመጠ። ተነስቶ ደገመ፤ አሁንም ወለቀ። አስተማሪዋም ሞከረች፤ እሷም ተመሳሳይ ሆነባት። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ መጣ። እየወለቀ ቪዲዮው አላምር አለ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጊው አለኝ። መውለቅ ነው ሥራው አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም እምቢ አልኩት። የሚሰሙን ሰዎች እንዳልሰሙ ሆነው ወዲያ ወዲህ አዩ።

ጥቂት ቆይቶ አስተማሪዋ ጫማው ቁርጭምጭሚቷን ጨምቆ አላፈናፍን አላትና ላወልቅላት ወደ ላይ ወጣሁ። ተንበርክኬ የጫማዋን መቆለፊያ ስከፍት ቁልቁል አየሁ። የአክስቴ ልጅም ከታች ተንበርክኳል። ፊት ለፊቱ የሒሳብ ሠራተኛው ስኪው ላይ ቆሟል። የአክስቴ ልጅ ሁልጊዜ ኪሱ የምትገኘውን ተጣጣፊ ቢላዋ ዘርግቶ ጫፏን ከተረከዙ ኋላ ባለው ብሎን ውስጥ ያዞራል። «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ሳይል አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳልኝ፤ እሺ፣ ሰማሁ የሚል ይመስላል። ከዚያ ተነስቶ ስልኩን ደገነ። እኔ ቁልቁል መሮጥ ስጀምር ወጣቱ ሄዷል።

በዚህኛው ጊዜ ስኪው አልወለቀም። ወጣቱ ዝቅ ካለው ተዳፋት አልፎ ወደ ቀኝ፣ ምድሩ ወደሚያዘቀዝቅበት ተሳበ። ቅጠሉ ሥር የተደበቀ የዛፍ ሥር የአንደኛውን ስኪ ጫፍ ያዘው። ገላው ዞሮ ወደ ፊት ሄደ፤ እግሩ እዚያው ቀረ። ማሰሪያው መልቀቅ የነበረበት ያን ጊዜ ነበር።

ስደርስ አይጮህም። ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ የጥድ ቅጠል በጭብጡ ሙሉ ይዞ «እግሬ አለ?» አለኝ። አለ፣ አይዞህ አልኩት። የኋላውን ማሰሪያ ተጭኜ ልከፍተው ሞከርኩ፤ አልከፈት አለ። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኑን ወደ ኋላ ማዞር ጀመርኩ። ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ አሁንም ይዞራል። እስከ መጨረሻው ነበር የጠበቀው። በመጨረሻ ማሰሪያው ተከፈተና እግሩን ጫማውን ሳላወልቅ ከስኪው ነጠልኩት። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ምን ላድርግ፣ ምን ላድርግ ይላል። ጃኬቶች አምጡ አልኩ። ሁለቱን ስኪ በጃኬቶቹ እጅጌ ውስጥ አስገብተን ቃሬዛ ሠራንና ወንዶቹ ተቀባብለው እስከ አስፋልቱ አወረዱት። አንድ ፒክአፕ ቆመልን።

ሁለቱም የቅልጥም አጥንቶች ተሰብረዋል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባልን። ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ፖሊስ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ጠየቀ። ማን ነው ያሰረለት አለ። ከባንክ ልጆቹ አንዱ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን የሚያውቀውን ሲናገር፣ እሷ ናት፣ ባለሙያዋ ብሎ አመለከተኝ። ፖሊሱ መታወቂያዬን ተቀብሎ በማግስቱ ጣቢያ ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ ነገረኝ። የአክስቴ ልጅ ከእኔ አጠገብ ቆሟል። ወደ እሱ ዞርኩ። ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልወጣ ስዘጋጅ አክስቴ ክፍሌ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ልጇ ሁሉን ነግሯታል። ነጠላዋን እያስተካከለች ቀስ ብላ ተናገረች።

«አንቺ ትምህርቱ አለሽ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያጠበቅሁት ብትይ፣ ባለሙያ አስራው የደረሰ አደጋ ነው ብለው ያልፉታል። እሱ ግን ምንም የለውም። እሱን ያስሩታል።»

ሌሊቱን ብዙ ነገር አስቤያለሁ፤ ይህን ግን አላሰብኩም። ትምህርቱ ስላለኝ ነው የባሰ የሚሆነው አልኳት፤ የሚያውቅ ሰው ያን ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀው ማለት ባለማወቅ ከተደረገው የከፋ ነው። ደግሞም አላደረግሁትም አልኳት። አንገቷን ደፍታ «ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ» አለች። በሕይወቷ ይህን ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ስትቆጣም፣ ሲቸግራትም ብላው አታውቅም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ እንዴት ከግቢው እንደወጣሁና የትኛው ታክሲ እንደገባሁ አላስታውስም።

ጣቢያው ውስጥ ቃሌን የተቀበለችኝ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ መርማሪ ናት። ያደረግሁትንና ያየሁትን ነገርኳት። ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች።

«ይህን ለመሥራት ብቃት አለሽ?»

«ነበረኝ። አሁን የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ነካሽ?»

ሌላ ሰው ከሚነካው ብዬ ነው አልኳት። ሌላ ሰውማ ነክቶታል አለችኝ። ብሎኑን ሲያዞር አይተሻል ወይ ስትለኝ አይቻለሁ አልኩ። ማን እንደሆነ እንድናገር ጠበቀችኝ። የአክስቴን ልጅ ስም ሙሉውን፣ ከነአባቱ ስጠራ አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችበት ሁኔታ ዓይኔ ላይ ነበር። ፈርሜ ስወጣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ሳንነጋገር ተላለፍን። በኋላ እንደሰማሁት ሁካታ ስለነበር ማን ምን እንደነካ አላስታውስም ብሎ ነው የተመለሰው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሁሉም ከብደውኛል። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰው ሆነን የምንነጋገረው ውሃ መጣ፣ መብራት ሄደ የሚል ብቻ ነበር። አክስቴ ምግቤን ከድና አስቀምጣልኝ ጎረቤት ትሄዳለች። እሱ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። እኔም የራሴን እውነት እጠራጠር ጀመር። ያን ቀን እምቢ ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ኖሮ ያ ልጅ ይሰበር ነበር ወይስ አይሰበርም፤ ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ የለም።

ወጣቱ ከሆስፒታል ሲወጣ ልጠይቀው ኮተቤ ሄድኩ። አባቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ነበሩ። ግቢ አሉኝ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ልጁ ሶፋው ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተጋድሟል፤ ሲያየኝ ፈገግ አለ። አባትየው የሆነውን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ሲያጠራጥራቸው ወደ ኋላ መልሰው ይጠይቃሉ። ስጨርስ፣ በመጪው እሑድ የአክስትሽ ልጅና እናቱ ይምጡ፣ እርቅም ካለ ክስም ካለ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን አሉ።

እሑድ ሦስታችን በአንድ ታክሲ ሄድን። አባትየው፣ እናትየውና አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸው ተቀምጠው ጠበቁን። አክስቴ አጎንብሳ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር አባትየው በክብር አስቀመጧት። መጀመሪያ የተናገረው የተሰበረው ልጅ ነው። አጥብቅልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሰዉ ስለሳቀብኝ ተናድጄ ነበር፣ ጥፋቱን ሰው ላይ አልጥልም አለ። አክስቴ እፎይ ስትል ሰማኋት። አባትየው ግን እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ ስለዚህ ዕቃ አያውቅም። የማያውቅ ሰው ብዙ ነገር ይለምናል። እኔ የማወቅ የምፈልገው ያንን ብሎን የያዘው ሰው፣ እንደማይነካ እያወቀ ለምን እንደነካው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ንገሪን» አሉኝ።

«እኔ የማውቀውን ተናግሬያለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ይህን ግን የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው።»

አክስቴ ወለሉን ታያለች። የአክስቴ ልጅ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ጨምቆ ይዟል። ምንም እንደማይል እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠበቅሁት» አለ በመጨረሻ። «ከላይ ቆይ ስትለኝ ሰምቻለሁ። እንዳልሰማ መሆን ስላልቻልኩ ነው እጄን ያነሳሁላት። ቪዲዮው እንዲያምር ነበር።»

የልጁ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አባትየው ነገ ጠዋት ሄደህ ይህንኑ ለፖሊስ ትናገራለህ፣ ከዚያ በኋላ ስለ እርቅ እናወራለን አሉት። ሄደ። ብቻውን ሄዶ ቃሉን አስተካከለ። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ጨርሰናል ብለው ክሱን ተዉት፤ የሕክምናውን ወጪ እሱ ቻለ፤ ለዚያም ያሉትን ዕቃዎች ሸጠ። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ወጣቱን ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ያመላልሰው የነበረው እሱ መሆኑ ነው። ደረጃ ላይ እየደገፈው ሲያወርደው አይቻቸዋለሁ። ወጣቱ አሁን ይራመዳል፤ ብርድ ሲሆን እግሬ ውስጥ ያለው ብረት ይሰማኛል ይላል። መርማሪዋም ጠርታ የአንቺ ነገር ከዚህ በላይ አይሄድም አለችኝና፣ ሁለተኛ ያለ ፈቃድ እንዳትነኪ ብላ ሸኘችኝ።

የአክስቴ ልጅ ሃይኪንጉን አልተወም። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወሰደ፤ ከቡድኑ ጋር አሁን የሚወጣው በእግር ብቻ ነው። ከእኔ ጋር ስለዚያ ቀን ያወራነው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ረጅም አልነበረም። ለምን ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ከሚፈርሙ ሰዎች እውነቱን መደበቅ ስላልቻልኩ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ተቀብሎኝ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

እኔ አያት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። አክስቴ ስወጣ አትሂጂ አላለችኝም፤ ሂጂም አላለችኝም። ብርድ ልብስና ድስት ሰጠችኝ። ብዙ ወራት አለፉ፤ በበዓል እሄዳለሁ፣ እንሳሳማለን፣ በልተን እንለያያለን። ከዚያ አንድ ቀን ሳትደውልልኝ መጣች። ባቡሩ ብዙ አስጠብቋት፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ወጥታ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ወንበር ሰጠኋት። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ መጋረጃው አጭር ነው፣ ብርድ ይገባል አለች። ሻይ ቀዳሁላት።

«ያን ቀን ጠዋት አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ያልኩሽ ነገር…» አለች፤ ሳትጨርሰው ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

አውቃለሁ አልኳት። መጋረጃውን ለመለካት ተነሳች፤ እኔም ጫፉን ያዝኩላት።